የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በኒው ዮርክ መድረክ

አይዳ የምትባለው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በነገሥታቶቻችን ዜና መዋዕል ውስጥ ስሟ አይገኝም። አባቷ አሞናስሮም ከነገሥታቱ ተራ አልተቈጠረም። ይሁን እንጂ በአውሮፓና በአሜሪካ የኦፔራ አዳራሾች ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ ሲጠራ የኖረው በእነዚህ በሁለቱ አፍ ነው። ጣልያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ «አይዳ» ብሎ የሰየመው ይህ ኦፔራ፥ ማለት ንግግሩ በዜማ የሚደረስና በትልቅ ኦርኬስትራ የሚታጀብ ተውኔት፥ በልዩ ልዩ አገር ብዙ ጊዜ ታይቷል፤ በፊልምም ተቀርጿል። እኛ እዚህ ልናነሣው የፈለግነው በጃንዋሪ 3 ቀን 1985 ዓ. ም. በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ ላይ ሲታይ በቴሌቪዥን የተላለፈውንና በምስል ተቀርጾ የቀረውን ትርዒት ነው። የምንጠራቸውም ዓመታት፥ ካልገለጽን በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ካይሮ ናት። የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል አገሩን አውሮፓን ለማስመሰል ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰ ሰው ነበር፤ በካይሮም የኦፔራ ቤት አሠርቶ በ1869 ዓ. ም. በዚያው በቬርዲ ድርሰት በ«ሪጎሌቶ» አስከፈተው። ብዙ ሰው «አይዳ» ለስዌዝ ቦይ ምረቃ የተደረሰ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን ቦዩ በዚያው ዓመት ሲመረቅ የኦፔራው ድርሰት ገና አልተጀመረም። የታሪኩን ሐሳብ ያወጣው በግብፅ የጥንት ቅርስ ሲቈፍር የኖረው ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪየት ሲሆን፥ ግጥሙን አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ጻፈው፤ ቬርዲም ለድካሙ 150,000 ፍራንክ ተከፈለው። የዘፋኞቹ ልብስና የመድረኩ ዕቃ በፓሪስ ሲሠራ የፕሩሲያ ጦር ከተማዪቱን ስለ ከበባት ሥራው ዘገየና የመጀመሪያው ትርዒት በዲሴምበር 24 ቀን 1871 ዓ. ም. ሆነ። ቬርዲ ራሱ ወደ ካይሮ አልሄደም።

እንግዲህ በዚያ ሌሊት በካይሮ መድረክ ላይ የታየው የግብፅ ጦር ኢትዮጵያን ድል ነሥቶ፥ ምርኮኞችን እየነዳ፥ በመለከት ታጅቦ ሲገባ ነው። ከዲቩ በአዳራሹ ይህን ሲያስጨበጭብ በውጭ ያዘጋጀው የነበረው ዘመቻም የዚሁ ጥላ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፥ በ1872 ዓ. ም.፥ ሙንዚንገር የተባለው ስዊሳዊ ሹሙ ከረንን ያዘለት። ቀጥሎ የሆነውን የአገራችን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በ1868 ዓ. ም. (በእኛ አቈጣጠር) በኅዳር ወር በጉንደት፥ በዚያው ዓመት በየካቲትና በመጋቢት መካከል በጉራ፥ ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ የከዲቩን ጦር ሁለት ጊዜ ድል ነሡት። በጉንደት የጦሩ አዛዥ ዴንማርካዊው አሬንድሩፕ ወደቀ፤ በጉራው ዘመቻ ደግሞ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ መኰንኖችና የከዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰን ሳይቀሩ ነበሩበት። ከቴአትሩ የድል ሰልፍ እስከ ጉራ ሽንፈት ያለው ጊዜ አምስት ዓመት እንኳ አይሞላም።

ኤድዋርድ ሰይድ የተባሉት የፍልስጥኤም ተወላጅ ሊቅ በ1993 ዓ. ም. ባሳተሙት መጽሐፍ «አይዳ» በቅኝ ገዥነት መንፈስ የተወለደ ሥራ መሆኑን አስረድተዋል። ስለ አወላለዱ እኛም ከእርሳቸው ጋር እንስማማለን። በተውኔቱ ውስጥ መልእክተኛው ኢትዮጵያውያንን አረመኔ ብሎ ይጠራቸዋል፤ የተጠራውም አገር፥ ናፓታ ከሚለው ስም እንደምንረዳው፥ የዛሬው ሱዳን ክፍል የሆነው የጥንቱ ኩሽ ነው። ነገር ግን ቬርዲ ለማን የላቀውን ዜማ እንደ ሰጠ መመርመር ይገባል። ለግብፅ መለከትን፥ ሰልፍንና የካህናትን መዝሙር ሰጠ፤ ለምርኮኛይቱ ግን የልብን ነገር ሁሉ ሰጣት።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። አይዳ ተማርካ ማንነቷን ሰውራ ለፈርዖን ልጅ ለአምኔሪስ ገረድ ሆናለች፤ የግብፅን ጦር አበጋዝ ራዳሜስን ትወዳለች፥ እርሱም ይወዳታል፤ አምኔሪስም ትወደዋለች። ራዳሜስ ዘምቶ አባቷን አሞናስሮን ማርኮ ያመጣል፥ ንጉሥ መሆኑን ግን ማንም አላወቀም። በሦስተኛው ክፍል በዓባይ ዳር በሌሊት አባቷ ይመጣና የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከወዳጇ አፍ እንድታወጣለት ያዝዛታል። እንቢ ስትል «ልጄ አይደለሽም፥ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ» በሚል ቃል ይጥላታል። አገርና ፍቅር ተጋጥመው መካከለኛ መንገድ የማይገኝበት ሰዓት ነው፤ የኦፔራውም እውነተኛ ጦርነት የተደረገው እዚህ ነው እንጂ በሁለተኛው ክፍል ሰልፍ ላይ አይደለም።

ይህችን ሴት ግን ለብዙ ዘመን የተጫወቷት ፊታቸውን ጥቁር ቀለም የተቀቡ ነጮች ነበሩ። በ1953 ዓ. ም. ጣልያኖች ባወጡት ፊልም ሶፊያ ሎሬን ቀለም ተቀብታ ትታያለች፥ የሚሰማው ግን የሬናታ ተባልዲ ድምፅ ነው፤ ፊቱ ከአንዷ፥ ድምፁ ከሌላዪቱ፥ ቈዳው ከቀለም ቆርቆሮ መሆኑ ነው። ልማዱም ጨርሶ አልጠፋም፤ በ2022 ዓ. ም. እንኳ በጣልያን በቬሮና ከተማ ክርክር አስነሥቷል። በአሜሪካ ካተሪና ጃርቦሮ የተባሉት ጥቁር ዘፋኝ አይዳን በኒው ዮርክ የዘፈኑት በ1933 ዓ. ም. ነው፤ በሜትሮፖሊታን ግን አልነበረም። ሜትሮፖሊታን በሩን ለጥቁር ዘፋኝ የከፈተው በ1955 ዓ. ም. በጃንዋሪ ወር ለማሪያን አንደርሰን ነው። በዚያው ወር በ27ኛው ቀን ሮበርት መክፈሪን ተከተሉ፤ ለእርሳቸው የደረሳቸውም የኢትዮጵያ ንጉሥ የአሞናስሮ ቦታ ነበር።

ሊዮንቲን ፕራይስ የተወለዱት በ1927 ዓ. ም. በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት በሎረል ከተማ ነው። አባታቸው የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ፥ እናታቸው አዋላጅ ነበሩ። በ1955 ዓ. ም. «ቶስካ» በተባለው ኦፔራ በቴሌቪዥን በቀረቡ ጊዜ በደቡብ አሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ያሉ አንዳንድ ጣቢያዎች ጥቁር ሴት በመሆናቸው ትርዒቱን ለማስተላለፍ እንቢ አሉ። አይዳን መጀመሪያ የዘፈኑት በ1957 ዓ. ም. በሳን ፍራንሲስኮ፥ የታመመች ዘፋኝ ተክተው ነው፤ ከዚያ ቪየናና ለንደን፥ በ1960 ዓ. ም. ደግሞ የሚላኖው ላ ስካላ ተቀበላቸው። ወደ ሜትሮፖሊታን የገቡት በጃንዋሪ 27 ቀን 1961 ዓ. ም.፥ ማለት ከመክፈሪን በስድስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ነው፤ ያን ሌሊት ሕዝቡ አርባ ደቂቃ ያህል እንደ አጨበጨበ ይነገራል። ስለ አይዳ ሲጠየቁም ቈዳዬ ልብሴ ነው ይሉ ነበር።

በ1985ቱ ሌሊት ፕራይስ ኦፔራን ሊሰናበቱ ነው የወጡት፤ ኀምሳ ስምንት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ኦርኬስትራውን ጄምስ ለቫይን መርተዋል፤ ራዳሜስን ጄምስ መክራከን፥ አምኔሪስን ጣልያናዊቱ ፊዮሬንዛ ኮሶቶ፥ አሞናስሮን ሳይመን ኤስቲስ ዘፍነዋል። የመክራከን ድምፅ በዚያ ዘመን ደክሞ ነበር፥ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። የኮሶቶ አምኔሪስ ግን እሳት ናት፤ በአራተኛው ክፍል ካህናቱን ስትረግም ያየ ሰው ተውኔቱ «አምኔሪስ» ቢባል ኖሮ አይፈርድም። የፕራይስም ድምፅ ቢሆን በታችኛው ዜማ ሻካራነት ነበረው፤ ከፍ ሲል ግን ዕድሜው ይረሳል።

በሦስተኛው ክፍል አይዳ ለብቻዋ በዓባይ ዳር ቆማ አገሯን ዳግመኛ እንደማታይ የምታንጐራጕረው ዜማ ለዘፋኝ ሁሉ ፈተና ነው፤ በፍጻሜው ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ በለስላሳው እንዲቆይ ይጠይቃል። ፕራይስ ይህን ሲፈጽሙ አዳራሹ ተናወጠ። ጭብጨባው ከሦስት ደቂቃ በላይ ቆየ። በአዳራሹ ሩቅ የተቀመጠ ሰው ይህን ጊዜ ያየው ትንሽ ምስል ብቻ ነው፤ ካሜራው ግን ፊታቸው ላይ ቆሞ ቀረ። ዐይናቸው እንባ አቅሯል፥ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስንብት መሆኑን የሚያውቁት ፕራይስና ከአገሯ የተለየችው አይዳ በአንድ ፊት ላይ ሲታገሉ ይታያሉ። ጭብጨባው እንዲያልፍ የንጉሥ ልጅነታቸውን ሳይለቁ በትዕግሥት ጠበቁ። በምስል የተቀረጸ ቴአትር ከመድረኩ ቴአትር ብዙ ነገር ይጐድለዋል፤ ይህን ፊት ግን የሰጠን ካሜራው ብቻ ነው።

ወዲያው ኤስቲስ ይገባሉ። አባትና ልጅ ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፥ አንዱም ቀለም አልተቀባም። ኤስቲስ ረዥምና ግርማ ያላቸው ሰው ስለሆኑ የምርኮኛ ልብስ ለብሰው እንኳ ንጉሥ መሆናቸው አይደበቅም። የተቃጠሉትን መንደሮችና የወደቁትን ወገኖች እየቈጠሩ ልጃቸውን ሲያስጨንቁ፥ እርሷም ከእግራቸው ሥር ስትወድቅ፥ በ1871 ዓ. ም. ለከዲቩ ደስታ የተዘጋጀው ተውኔት የማን እንደ ሆነ ተመልካቹ ለራሱ መፍረድ ይችላል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ፕራይስን አናሳይም ባሉት በእነዚያ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ያለውም ሰው ይህን በየቤቱ ተቀምጦ ለማየት በቃ።

ፕራይስ ከዚያ ሌሊት በኋላ በኦፔራ መድረክ አልቆሙም፤ በፒያኖ ብቻ እየታጀቡ በየአዳራሹ መዝፈናቸውን ግን እስከ 1990ዎቹ ዓመታት ቀጥለዋል። «አይዳ» መጀመሪያ የታየበት የካይሮው የእንጨት ኦፔራ ቤት ቀደም ብሎ በኦክቶበር 1971 ዓ. ም.፥ ለመቶኛ ዓመቱ ሁለት ወር ሲቀረው፥ በእሳት ተቃጥሏል።