የቢዮኮ ካካዎና የሁለት ምድር ሕዝቦች

ኢኳቶሪያል ጊኒ ስሟን ከምድር ወገብ ብትወስድም መስመሩ የብሷን አይነካም፤ የሚያልፈው በባሕር ላይ ነው። ቢዮኮ ደሴትና ሪዮ ሙኒ የተባለው የአህጉሩ ክፍል ከመስመሩ በስተሰሜን፣ 17 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሰፋው አኖቦን በስተደቡብ ይገኛሉ። በቢዮኮና በአኖቦን መካከል ሌላ አገር፣ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ፣ አለ። ይህን ግዛት በአንድ ስም ያሰባሰበው የቅኝ ገዢዎች ውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1778 ፖርቱጋል ደሴቶቹን ለስፔን ስታስረክብም ሆነ በ1900 ስፔንና ፈረንሳይ የሪዮ ሙኒን ወሰን ሲያሰምሩ ነዋሪውን የጠየቀ አልነበረም። ወሰኑ የፋንግን ሕዝብ ከካሜሩንና ከጋቦን ወገኖቹ ለየው። በባሕሩ ዳርቻ ንዶዌዎች ይኖራሉ። የአኖቦን ሰዎች ደግሞ፣ የሚያስደንቅ ነው፣ ስፔን ስትገዛቸው ኖራም ከፖርቱጋልኛ የተወለደውን የራሳቸውን ቋንቋ አልተዉም።

የታሪኩ ቁልፍ ግን ቢዮኮ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ የእሳተ ገሞራ ተራራ ያላት የዚህች ደሴት ለም አፈር ለካካዎ ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። የደሴቲቱ ጥንታዊ ነዋሪዎች ቡቢዎች ግን ለእርሻ ከበርቴዎች ጉልበታቸውን ለመሸጥ አሻፈረኝ አሉ። ስለዚህ ሠራተኛ ከባሕር ማዶ ተፈለገ። ከላይቤሪያ ይጋዙ የነበሩት ሰዎች ሁኔታ ከባሪያ ንግድ እምብዛም እንደማይለይ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢትዮጵያን ለፋሺስት ወራሪ የተወው የመንግሥታት ማኅበር የላከው መርማሪ ቡድን በ1930 አረጋገጠ፤ የላይቤሪያው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኪንግም በዚሁ ሳቢያ ሥልጣን ለቀቁ። እርሻው ግን አልቆመም። የላይቤሪያውያኑን ቦታ ናይጄሪያውያን ያዙ፤ በብዛትም ከቡቢዎቹ በለጡ።

ጥቅምት 12 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ነጻነት ሲታወጅ የደሴቲቱና የአህጉሩ ጥያቄ አልተፈታም ነበር። ከቡቢ መሪዎች መካከል በቁጥር በሚበልጠው የሪዮ ሙኒ ሕዝብ እንዋጣለን ብለው የሰጉ፣ ለብቻ ነጻነትን የጠየቁ ነበሩ። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ የፍራንሲስኮ ማሲያስ ንጌማ አገዛዝ ፋንጉንም ቡቢውንም ሳይለይ ፈጀ። በ1973 ዋና ከተማይቱ ሳንታ ኢዛቤል መባሏ ቀርቶ በቡቢ ንጉሥ ስም ማላቦ ተባለች። ከስሙ በቀር ለቡቢዎቹ የተመለሰ ነገር የለም። በ1975 እና በ1976 ናይጄሪያ ግፍ የበዛባቸውን ዜጎቿን አስወጣች፤ ካካዎውም ለቃሚ አጣ። ያን ጊዜ መንግሥቱ ከሪዮ ሙኒ ሰዎችን በግዳጅ ወደ ደሴቲቱ አጋዘ። ነጻ የወጣው ፋንግ፣ ስፔናዊው ከበርቴ ለላይቤሪያዊው ባዘጋጀው የካካዎ ጥላ ሥር ለሥራ ተሰለፈ።