ያልተቆጠረው አየር፦ የዳትሰን ዜድ ሚኒሞ ታሪክ

የድሮ ስፖርት መኪና ሚኒሞው አልረጋ ሲል፣ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ነዳጁ ነው። ካርቡራተር ይፈታል፣ ፓምፕ ይቀየራል፣ ካንዴላ ይገዛል። እኔ ግን ለዓመታት ክፍል ውስጥ ስጮኽበት የነበረውን ዛሬም እደግመዋለሁ፦ መጀመሪያ አየሩን ጠይቁ! ለምን እንደምል በአንድ መኪና ታሪክ ላሳያችሁ። መኪናው ዳትሰን ዜድ ነው። እሱን የመረጥኩት በአምስት ዓመት ውስጥ ከካርቡራተር ወደ ኮምፒውተር ስለተሻገረ ነው፤ በሽታው ግን አብሮት ተሻግሯል።

ከመካኒክነት ውጭ ላላችሁ ወዳጆቼ፣ ሚኒሞ ማለት እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ሞተሩ ሳይጠፋ በራሱ የሚዞርባት ዝቅተኛ ዙር ናት። በዚህ መኪና ከ750 እስከ 800 ዙር በደቂቃ መሆን አለባት። መብራት ላይ ቆማችሁ መኪናው የሚንቀጠቀጥ፣ አንዴ ጮኾ አንዴ ሊጠፋ የሚል ከሆነ ሚኒሞዋ ታማለች ማለት ነው።

240ዜድ ጃፓን ላይ የወጣው በጥቅምት 1969 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እዚያ ስሙ ፌርሌዲ ዜድ ነበር። በአሜሪካ የኒሳን ኃላፊ የነበሩት ዩታካ ካታያማ ግን "ይሄ ስም እዚህ አይሸጥም" ባይ ስለነበሩ፣ በቁጥር እንዲጠራ አደረጉት። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 2.4 ሊትር፣ 151 የፈረስ ጉልበት፣ ዋጋው 3,526 ዶላር። ጃጓር ኢ-ታይፕ አምሮት ኪሱ ያልፈቀደለት ሁሉ ወደ ዳትሰን ሱቅ ጎራ ማለት ጀመረ። በእኛም ሰፈር ስም አለው፦ በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1971 ኤድጋር ሄርማን፣ በ1973 ደግሞ ካምፓላ የተወለደው ሸካር ሜህታ ያሸነፉት በ240ዜድ ነው። የ1973ቱማ ጉድ ነው፤ ሜህታ የጨረሰው ከሌላ ዳትሰን ጋር እኩል ነጥብ ይዞ ነበር።

ወደ አየራችን እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ 240ዜዶች ሁለት ካርቡራተር ነበራቸው። የሠራቸው ሂታቺ ነው፤ ሐሳቡ ግን የእንግሊዝ ነው። ኤስ ዩ ይባላል፣ ሲተነተን ስኪነር ዩኒየን። ስኪነሮች የጫማ ነጋዴ ቤተሰብ ናቸው። ጆርጅ ኸርበርት ስኪነር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሠራው ካርቡራተር ውስጥ የቆዳ ወናፍ ነበረበት። (የጫማ ነጋዴ ልጅ በቆዳ ቢያስብ ምን ይገርማል?) በኋላ ወናፉ ቀርቶ በፒስቶን ተተካ።

አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ ፒስቶኑ ወደ ላይ ይነሳል። ከሥሩ የተተከለው ጫፉ የቀጠነ መርፌም አብሮት ስለሚነሳ የነዳጁ ቀዳዳ ይሰፋል። ብዙ አየር፣ ብዙ ነዳጅ፤ ትንሽ አየር፣ ትንሽ ነዳጅ። በሌላ አነጋገር ካርቡራተሩ አየሩን ይቆጥርና በቆጠረው ልክ ነዳጅ ይሰጣል። የሚቆጥረው ግን በፒስቶኑ ሥር ያለፈውን ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ሾልኮ የገባ አየር ደረሰኝ የለውም።

እና ከየት ይሾልካል? በጣም የተለመደው የአየር በሩን ከሚያዞረው ዘንግ ዳርና ዳር ነው። ዘንጉ ለሃምሳ ዓመት ሲዞር ማረፊያው ይሰፋል፤ ይዛችሁ ስትነቀንቁት ይጫወታል። ከካርቡራተሩና ከሞተሩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይደርቃል፣ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው ጎማ ቱቦም ይሰነጠቃል። በፍጥነት ስትነዱ ሞተሩ የሚስበው አየር ብዙ ስለሆነ ይቺ ትንሽ ሌብነት አትታወቅም። ሚኒሞ ላይ ግን ጠቅላላው አየር ጥቂት ነው፤ ከጥቂት ላይ ጥቂት ሲሰረቅ ያስታውቃል። በሽታው መብራት ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ሌላው ጣጣ ካርቡራተሮቹ ሁለት መሆናቸው ነው። አንዱ የፊት ሦስቱን፣ ሌላው የኋላ ሦስቱን ሲሊንደር ይመግባል። አንዱ ብዙ ከፍቶ ሌላው ትንሽ ከከፈተ፣ ሞተሩ አንድ እግሩ እንዳጠረ ሰው ነው የሚራመደው። የድሮ መካኒኮች ቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮአቸው ላይ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርገው የሁለቱን ፉጨት ያመሳስሉ ነበር። አሁን መለኪያ አለ፤ ጆሮው ግን ዛሬም ይሠራል።

ቅደም ተከተሉን ተማሪዎቼ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ሞተሩ ሞቆ የቫልቭ ክፍተት ይለካል፦ ማስገቢያው 0.25፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር። ከዚያ ፑንቲና፣ ከዚያ የእሳቱ ጊዜ። ከዚያ ማፍሰሻ ፍለጋ፤ በየመጋጠሚያውና በዘንጉ ጫፎች ላይ የካርቡራተር ማጽጃ በጥንቃቄ ትረጫላችሁ፣ ዙሩ ከተለወጠ ሌባው እዚያ ነው (የጋለ ብረትና የእሳት ብልጭታ ባለበት አትርጩ፣ እሳት ማጥፊያም አጠገባችሁ ይሁን)። ቀጥሎ ሁለቱን ማመሳሰል። የድብልቁ ነት የመጨረሻው ነው። ፒስቶኑን በትንሹ፣ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይሞላ ከፍ ስታደርጉት ዙሩ ጨምሮ በዚያው ከቀረ ነዳጅ በዝቷል፤ ሊጠፋ ካለ አንሷል፤ ትንሽ ነሳ ብሎ ከተመለሰ ልክ ነው። ይህን ሁሉ ዘሎ መጀመሪያ ነቱን የሚያዞር ሰው፣ ልቅ የሆነን አየር በነዳጅ እየሸፈነ ነው። ለሳምንት ይሠራለታል።

ከዚያ ሕግ መጣ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በታኅሣሥ 31፣ 1970 የፈረሙት የንጹሕ አየር ሕግ፣ የ1975 ሞዴል መኪኖች ካርቦን ሞኖክሳይዳቸውንና ያልተቃጠለ ነዳጃቸውን በ90 በመቶ እንዲቀንሱ ይጠይቅ ነበር (ቀኑ በኋላ ተራዝሟል)። እስከዚያ ድረስ ሚኒሞ የመካኒኩ ጆሮ ጉዳይ ነበረች። ነዳጅ ትንሽ በዛ አድርጎ ማስተካከል የተለመደ ነበር፤ ሞተሩ ይረጋል፣ ደንበኛው ይደሰታል፣ ጭሱን ሰፈሩ ይካፈላል። ሕጉ ይሄን በር ዘጋው።

ኒሳን መጀመሪያ የሞከረው ካርቡራተሩን ማስታመም ነው። በ1973 አናታቸው ጠፍጣፋ የሆኑ አዳዲስ ካርቡራተሮች መጡ። ነዳጅ የቆጠቡ፣ በሞተሩ ውሃ የሚሞቁ፣ ተጨማሪ ቫልቭ የተደራረበባቸው ናቸው። ውጤቱ አላማረም። ሞተሩ ሲግል ነዳጁ ይተናል፣ ሚኒሞ ይንገዳገዳል፣ መኪናው ይንተፋተፋል። በ1974ቱ 260ዜድም ቀጠሉ። ስንት ባለቤት እነሱን አውልቆ የ1972ቱን ክብ አናት እንደገጠመ ዛሬ የሽያጭ ማስታወቂያ ብታነቡ ይገባችኋል፤ "ክብ አናት ተገጥሞለታል" የሚለው እንደ ሙገሳ ነው የሚጻፈው። በእኔ ግምት ጥፋቱ የመሐንዲሶቹ አይደለም። በ1905 የተፀነሰ መሣሪያ የ1975ን ፈተና እንዲያልፍ ተጠይቆ ነው።

በ1975 አሜሪካ የገባው 280ዜድ ካርቡራተሩን ጣለ። በምትኩ የቦሽ ኤል-ጄትሮኒክ መጣ፤ ኤሏ "ሉፍት" ከሚለው የጀርመንኛ ቃል ናት፣ ትርጉሙም አየር! በመግቢያው ላይ አንድ ሳጥን አለ፣ ውስጡ በስፕሪንግ የተያዘ በር አለው። አየሩ በሩን ገፍቶ ሲያልፍ የበሩ ማዕዘን ወደ ኤሌክትሪክ ተቀይሮ ለኮምፒውተሩ ይነገራል፤ ኮምፒውተሩም የነዳጅ መርጫዎቹ ለስንት ሚሊሰከንድ ይከፈቱ እንደሆነ ይወስናል። ስኪነር ቢያየው ኖሮ ይስቅ ነበር፤ ያው የእሱ ፒስቶን ነው፣ ሽቦ ተቀጥሎበት።

ግን አንድ ነገር ተቀየረ፦ የሚሾልክበት ቦታ በዛ። ከሳጥኑ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ትልቁ ሽብሽብ ጎማ፣ የመርጫዎቹ ማሸጊያ፣ የዘይት ክዳን፣ የዘይት መለኪያ ዘንግ ማሸጊያ ጭምር፣ አየር ካስገባ ኮምፒውተሩ አያውቀውም። ካርቡራተር ለለመደ መካኒክ የዘይት ክዳን ከሚኒሞ ጋር ምን አገናኘው? ስለዚህ ብዙዎች "ኮምፒውተሩ ነው" አሉ። ብዙ ጤነኛ ኮምፒውተር በዚህ ሰበብ ተነቅሎ ተጥሏል።

ይሄ የድሮ ወሬ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ክረምት ቨርጂኒያ ያለ የቀድሞ ተማሪዬ ቪዲዮ ላከልኝ። በስንት ዓመት ቁጠባ የገዛው የ1976 280ዜድ ነው፤ ዙሩ ከ600 ወደ 1,200 እየወጣ ይወርዳል። አንድ ጋራዥ ያገለገለ ኮምፒውተር ሸጦለታል፣ ስድስቱንም መርጫ ቀይሮለታል፣ የሚኒሞዋን ቪቴ እስከ መጨረሻው አዙሮለታል። ያው ነው። "ቲቸር፣ ልሸጠው ነው፤ ሚስቴም መኪናው ወይ እኔ እያለችኝ ነው" አለኝ።

"እየሠራ ሳለ የዘይት ክዳኑን ክፈትልኝ" አልኩት። ከፈተው። ምንም ለውጥ የለም። ጤነኛ ኤል-ጄትሮኒክ ክዳኑ ሲከፈት መንገዳገድ ወይም መጥፋት አለበት፤ ምክንያቱም ያልተቆጠረ አየር በድንገት ይገባበታላ። ካልደነገጠ ቀድሞውኑ ሌላ ቦታ ክፍት ነው ማለት ነው። ሽብሽቡን ጎማ አውልቆ በጣቱ ሲዘረጋው ከሥር በኩል፣ ዓይን በማያየው እጥፋት ውስጥ ተቀዷል። ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ይከፈታል፤ አየሩ ሲገባ ዙሩ ይወርዳል፣ ዙሩ ሲወርድ መሳቡ ይደክማል፣ ድብልቁ ይመለሳል፣ ዙሩ ይነሳል፣ እንደገና ይከፈታል። ጎማውን ቀየረ፣ ያቺን የተዛባች ቪቴም ወደ ቦታዋ መለሰ።

መኪናው ግን ሙሉ በሙሉ አልተረጋጋም፤ ሞቆም ነዳጅ ይሸት ነበር። ይሄ ሌላ የታወቀ የ280ዜድ በሽታ ነው፦ የውሃ ሙቀት መለኪያው ሶኬት ይዝጋል። መለኪያው በ20 ዲግሪ ወደ 2,500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም ማሳየት አለበት። የዛገ ሶኬት ኦም ስለሚጨምር ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እንደቀዘቀዘ አምኖ ነዳጅ ያንቆረቁራል። ሶኬቱን ቆርጦ አዲስ አስገባለት። አሁን 800 ላይ ቆማለች፤ ሚስትየውም ቀርታለች።

ዜድም ሆነ ሌላ ኤል-ጄትሮኒክ ያለው የድሮ መኪና ያላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። ቪዲዮ ስትልኩ ሞተሩ የሞቀ ይሁን፣ ዙር ቆጣሪው ይታይ፣ የዘይት ክዳኑንም ከፍታችሁ አሳዩኝ።