የአይሮፕላን ቆዳና የቀለም ፋቂው መሣሪያ

ከብረታ ብረት የተሠራ አይሮፕላን እንደገና ቀለም ሊቀባ ሲል አሮጌው ቀለም አስቀድሞ መነሣት አለበት። ይህ ሥራ ለብዙዎች የቤት ግድግዳን ወይም የመኪናን ቀለም ከመፋቅ የማይለይ ተራ ነገር ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው፥ ከዚህ ሥራ የመጣው ጉዳት ከሳይንስ ማነስ ሳይሆን፥ ሳይንስ የደረሰበት ዕውቀት በጊዜው ወደ ሠራተኛው እጅ ካለመድረሱ የተነሣ መሆኑን ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1906 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት አልፍሬድ ቪልም የተባለ ጀርመናዊ የብረታ ብረት ሊቅ፥ ከጥቂት መዳብና ማግኒዚየም ጋር የተደባለቀ አሉሚኒየም በእሳት ግሎ በድንገት ከቀዘቀዘ በኋላ፥ ለጥቂት ቀናት ሲቀመጥ በራሱ እየጠነከረ እንደሚሄድ አገኘ። ዱራሉሚን የተባለው ይህ ድብልቅ ቀላልም ብርቱም በመሆኑ የእንጨትንና የሸራን ቦታ ወሰደ፤ በ1919 የበረረው የዩንከርስ ኤፍ 13 ለዚህ ምስክር ነው። ዳሩ ግን ብርታት የሰጠው መዳብ ድካምንም ይዞ መጣ፤ ጨውና እርጥበት ባለበት ስፍራ ዝገት ወደ ውስጡ ዘልቆ ይገባ ጀመር። በ1927 ኤድጋር ዲክስ የተባለ አሜሪካዊ መፍትሔውን ገለጠ፤ ይኸውም ጠንካራውን ላሜራ በሁለቱም ፊት በንጹሕ አሉሚኒየም መሸፈን ነው። አልክላድ የሚባለው ይህ ነው። በስስ ላሜራ ላይ ሽፋኑ በእያንዳንዱ ፊት ከጠቅላላው ውፍረት 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ላሜራው 1 ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ ጋሻው 0.05 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ያለ ልክ የሚፈትግ ሰው ይህን ጋሻ ሳያውቀው ሊያጠፋው ይችላል።

ሁለተኛው ትምህርት የተገኘው በብዙ ሰው ሕይወት ነው። በ1954 ሁለት የእንግሊዝ ኮሜት አይሮፕላኖች በአየር ላይ ተበታትነው ሜዲቴራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቁ። የፋርንቦሮ መርማሪዎች አንድ ሌላ ኮሜት በውኃ ገንዳ ውስጥ ከተው፥ የውስጡን ግፊት በውኃ ደጋግመው ከፍ ዝቅ ቢያደርጉት አካሉ ተቀደደ። አይሮፕላን ከፍ ብሎ በበረረ ቁጥር በውስጡ ባለው አየር ይነፋል፤ ሲወርድ ይተነፍሳል። ቆዳው ልብስ ብቻ ሳይሆን ሸክም የሚሸከም አካል ነው። ውጥረት የተደጋገመበት ብረት ይደክማል፤ ስንጥቁም ብዙውን ጊዜ ከቀዳዳ አጠገብ ወይም ከጭረት ይጀምራል።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ከአርባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፥ በ2000ዎቹ መጀመሪያ፥ በቦይንግ 737 አይሮፕላኖች ላይ አሳሳቢ ነገር ተገኘ። ላሜራዎቹ ተደራርበው በሪቬት በተያያዙበት መጋጠሚያ፥ በላይኛው ላሜራ ጠርዝ ሥር፥ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጭረት ታየ። ምክንያቱ ሲጣራ፥ አይሮፕላኑ ለአዲስ ቀለም ሲዘጋጅ በጠርዙ ላይ ያለው አሮጌ ማስቲሽ በስለታም የብረት መሣሪያ ይፋቅ ኖሯል። ጭረቱ በአይሮፕላኑ ርዝመት ይሄዳል፤ የውስጡ ግፊት ደግሞ አካሉን በዙሪያው ይወጥረዋል፤ የዙሪያውም ውጥረት በርዝመት ካለው እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ በረራ ጭረቱን ግራና ቀኝ ይስበዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን አዲሱ ቀለም ጭረቱን መሸፈኑ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም ምርመራና ጥገና የሚያስገድድ ትእዛዝ አወጣ።

ጥንቃቄው ከባድ አይደለም። ማስቲሹ በፕላስቲክ መፋቂያ እንጂ በብረት እስፓቱላ ወይም በምላጭ አይነሣም። መሸፈኛ ፕላስተር ከተለጠፈ በኋላ በአይሮፕላኑ ቆዳ ላይ በቢላ አይቆረጥም። አሲድ ያለበት ቀለም ማስለቀቂያ እንደ እግሩ ካሉ ከጠንካራ ብረት ከተሠሩ ክፍሎች ይራቅ፤ ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ገብቶ ተሰባሪ ያደርገዋልና። በመጨረሻም አዲሱ ቀለም ከመቀባቱ በፊት የተራቆተው ቆዳ በጥሩ ብርሃን ይመርመር።

ምናልባት የፕላስቲክ መሣሪያ ሥራ ያጓትታል፥ አይሮፕላን ያለ በረራ የቆመበት ሰዓትም ገንዘብ ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ጥልቅ ጭረት ያረፈበት ላሜራ ተቆርጦ እስከ መለወጥ ሊደርስ ስለሚችል፥ በአንድ ቀን ጥድፊያ የተገኘው ትርፍ በብዙ ሳምንት ኪሳራ ይከፈላል።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ዕውቀት በላቦራቶሪና በመጽሐፍ ብቻ ሲቀመጥ ጎዶሎ መሆኑን ነው። ቪልምም ዲክስም የፋርንቦሮ መርማሪዎችም የሚገባቸውን ሠርተዋል። ይሁን እንጂ መፋቂያውን የሚይዘው ሰው የሚነካው ነገር ምን እንደ ሆነ ካልተነገረው፥ የሊቃውንቱ ድካም በአንድ ምላጭ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ቀለም ፋቂውን ማስተማር የመሐንዲሱ ሥራ አንድ ክፍል ነው እንላለን።