አንድ መጨመር፤ የብስክሌተኞች ሒሳብና የሰር አርተር ኤዲንግተን ቁጥር

ማንኛውም ሙያ የራሱ የሆነ ቀልድ አለው። የግንበኛው ቀልድ ስለ ቱንቢ፣ የቀያሹ ቀልድ ስለ ሜትርና ስለ ችካል እንደሆነ ሁሉ፣ ረጅም መንገድ በብስክሌት የሚጓዙ ሰዎች ቀልድም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሒሳብ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ብስክሌተኛ ለአምስትና ለስድስት ሰዓት ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ ሥራ አለው፤ አእምሮው ግን ሥራ ፈት ነው። ሥራ የፈታ አእምሮ የእግርን ድካም ብቻ እንዳያዳምጥ ሌላ ነገር ይሻል፤ በአጠገቡ የሚያገኘውም የኪሎሜትር ድንጋይና የእጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ ይቆጥራል፤ ያካፍላል፤ የሄደውን ከጠቅላላው ይቀንሳል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚያስደስተው ስላልሆነም በራሱ ላይ ይስቃል። ከዚህ ሳቅ ውስጥ አንዱ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ሊቅ የፈጠሩት ሲሆን፣ ታሪኩ ከብስክሌት መንገድ አልፎ እስከ ከዋክብት ይደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነፋስና ዳገት

በብስክሌተኞች ዘንድ የታወቀ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም ነፋስ ሲሄዱም ሲመለሱም ከፊት ነው የሚል ነው። ሰሚው ማጋነን ይመስለዋል፤ ሒሳቡ ግን ለብስክሌተኛው በከፊል ይመሰክርለታል። ነፋስ በሌለበት ቀን በሰዓት 30 ኪሎሜትር የሚሄድ ሰው ነፋስ ሲገጥመው ወደ 20 ዝቅ፣ ነፋስ ሲገፋው ወደ 40 ከፍ ይላል እንበል። ሃያ ኪሎሜትር ሄዶ ሃያ ኪሎሜትር ቢመለስ በመሄጃው አንድ ሰዓት፣ በመመለሻው ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። መንገዱ እኩል ቢሆንም ከጊዜው ሁለት ሦስተኛውን ያሳለፈው ነፋስን ሲታገል ነው። አማካይ ፍጥነቱም 30 ሳይሆን 26.7 ይሆናል። ሰው የሚያስታውሰው ኪሎሜትሩን ሳይሆን ሰዓቱን ስለሆነ፣ «ነፋሱ ሁልጊዜ ከፊቴ ነበር» ማለቱ ከውሸት አይቆጠርበትም።

የዳገቱም ሒሳብ ከዚህ የባሰ ነው። የሥነ ልቦና ሊቅ የነበሩት ማክስ ቬርትሃይመር በ1934 ለአልበርት አይንሽታይን አንድ እንቆቅልሽ በደብዳቤ ልከው ነበር። አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል አንድ ማይል ዳገት ወጥታ አንድ ማይል ቁልቁለት ትወርዳለች። ዳገቱን በሰዓት 15 ማይል ከወጣች፣ የመንገዱ ሁሉ አማካይ ፍጥነት 30 እንዲሆን ቁልቁለቱን በምን ያህል ፍጥነት መውረድ አለባት የሚል ነው። ፈጥኖ የሚመልስ ሰው «በ45» ይላል። ነገር ግን ሁለት ማይል በሰዓት 30 ማይል ለመሄድ የሚያስፈልገው አራት ደቂቃ ሲሆን፣ አውቶሞቢሏ አራቱንም ደቂቃ ዳገቱ ላይ ጨርሳዋለች። ለቁልቁለቱ የቀረ ጊዜ የለም። አይንሽታይን ራሳቸው ይህን የተገነዘቡት ሒሳቡን ከሠሩ በኋላ እንደነበረ በመልሳቸው ገልጸዋል። ብስክሌተኛ ግን ይህን እንቆቅልሽ ማንም ሳይጠይቀው በጉልበቱ ያውቀዋል፤ በዳገት የጠፋ ጊዜ በቁልቁለት አይመለስም።

ከነዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ስለ ብስክሌት ብዛት ነው። አንድ ሰው ሊኖሩት የሚገቡት ብስክሌቶች ቁጥር «ኤን ሲደመር አንድ» ነው ይባላል፤ ኤን ማለት አሁን በእጁ ያሉት ናቸው። የዚህ ቀመር ወሰን ደግሞ «ኤስ ሲቀነስ አንድ» ነው፤ ኤስ ማለት የትዳር ጓደኛ ቤቱን ጥላ እንድትሄድ የሚያደርጋት ቁጥር ነው። እንግዲህ አንድ መጨመር ለብስክሌተኛ የምኞቱ ሁሉ ምልክት ነው ማለት ይቻላል። አንድ መጨመር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቁጥር ያሳዩት ግን ሰር አርተር ኤዲንግተን ናቸው።

የኬምብሪጁ ብስክሌተኛ

አርተር ስታንሊ ኤዲንግተን በ1882 በሰሜን እንግሊዝ በኬንዳል ከተማ ከኩዌከር ቤተሰብ ተወለዱ። በ1913 የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ፕሮፌሰር፣ በ1914 ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የከዋክብት መመልከቻ ዲሬክተር ሆኑ። በግንቦት 1919 በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ወደምትገኘው ፕሪንሲፔ ደሴት ተጉዘው፣ ፀሐይ ስትጋረድ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ መታጠፉን ከለኩት ሊቃውንት አንዱ ናቸው፤ የአይንሽታይን ስም በዓለም የገነነው ከዚያ በኋላ ነው። የከዋክብትን ውስጣዊ አሠራር በሒሳብ በማስረዳት በዘመናቸው ተወዳዳሪ አልነበራቸውም። ትዳር አልያዙም፤ የሚኖሩት ከእኅታቸው ጋር ነበር። ሥራ ሲፈቱ የሚያዘወትሩት ብስክሌት መንዳትን ነበር።

እኚህ ሰው የብስክሌት ጉዟቸውን የሚመዝኑት በጠቅላላው ርቀት ወይም በፍጥነት አልነበረም። ለራሳቸው አንድ ቁጥር አወጡ። ቁጥሩ 75 ነው ከተባለ ቢያንስ 75 ማይል የተጓዙባቸው ቀኖች ቢያንስ 75 ናቸው ማለት ነው። ነገሩን በትንሽ ምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። አንድ ጀማሪ በስድስት ቀን 30፣ 12፣ 7፣ 5፣ 5 እና 4 ማይል ሄደ እንበል። አምስት ማይልና ከዚያ በላይ የሄደባቸው ቀኖች አምስት ስለሆኑ ቁጥሩ 5 ነው። ያ የ30 ማይሉ ጉዞ፣ ምንም ያህል ቢያስመካው፣ ከባለ አምስት ማይሉ ጉዞ የበለጠ ዋጋ የለውም። አሁን ወደ 6 ለመድረስ ቢፈልግ አንድ ጉዞ አይበቃውም። ስድስት ማይል የሞላቸው ሦስት ብቻ ስለሆኑ ሌላ ሦስት ያስፈልጉታል። ቁጥሩ ባደገ መጠን ቀድሞ ይቆጠሩ የነበሩ ጉዞዎች እየወደቁ ይሄዳሉ፤ ሰውየውም አንድ ለመጨመር ደጋግሞ ከቤቱ መውጣት ግድ ይሆንበታል።

የቀልዱ ብልኃት እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ ጉራን ይቀጣል፤ ጽናትን ይክሳል። በአንድ ቀን ጀግንነት አይገኝም፤ በብዙ አጫጭር ሽርሽርም አይገኝም። እርሳቸው በ1944 ሲያርፉ የደረሱበት ቁጥር 84 ነበር። ይህም ከ135 ኪሎሜትር የማያንስ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ከሚያደርሰው መንገድ ጥቂት የሚበልጥ ጉዞ፣ ቢያንስ 84 ጊዜ በአንድ ቀን ፈጽመዋል ማለት ነው። እነዚህ ቀኖች ብቻ ሲደመሩ ከ7,056 ማይል ወይም ከ11,355 ኪሎሜትር አያንሱም።

«አንድ የሚጨምር» የተባሉት ሊቅ

ኤዲንግተን በሌላ በኩል በቁጥር የተሳለቁባቸው ሰው ነበሩ። በሥነ ተፈጥሮ (ፊዚክስ) ውስጥ የኤሌክትሪክን ኃይል ከብርሃን ፍጥነትና ከፕላንክ ቁጥር ጋር የሚያገናኝ አንድ ጽኑ ቁጥር አለ። በ1929 ኤዲንግተን የዚህ ቁጥር ግልባጭ ልክ 136 መሆን እንዳለበት ያለ ምንም ሙከራ በአስተሳሰብ ብቻ አረጋገጥሁ አሉ። ብዙም ሳይቆይ የሙከራ ልኬት ወደ 137 የቀረበ መሆኑ ሲታወቅ፣ አንድ መጨመር የሚገባበትን ምክንያት አግኝተው 137 ነው አሉ። «ፐንች» የተባለው የእንግሊዝ የቀልድ መጽሔት ይህን ጊዜ አላለፈውም፤ ስማቸውን ለውጦ «ሰር አርተር አዲንግ ዋን» አላቸው። በእንግሊዝኛ «አዲንግ ዋን» ማለት «አንድ የሚጨምር» ማለት ሲሆን፣ ኅብረ ቃል ለሚወድ አማርኛ ተናጋሪ የዚህን ጨዋታ ጣዕም ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ የሚታወቀው ልኬት 137.036 ያህል ነው፤ ሙሉ ቁጥር እንኳ አይደለም።

በ1938 ደግሞ በኬምብሪጅ በሰጡት ተከታታይ ትምህርት በፍጥረተ ዓለም ያሉትን ፕሮቶኖች ብዛት 136 ጊዜ ሁለት ሲበዛ በ256 ደረጃ ነው ብለው፣ ሰማንያ አኃዝ ያለውን ቁጥር እስከ መጨረሻው አኃዝ አስቀመጡት። አንድም ፕሮቶን አልተጠራጠሩም። በብስክሌት መዝገባቸው ግን ሌላ ሰው ነበሩ። በዚያው በ1938 ለአንድ ወዳጃቸው በጻፉት ደብዳቤ፣ ቁጥራቸው ገና 75 ላይ መቆሙን፣ በፋሲካ ወቅት ያደረጓቸው ሁለት ጉዞዎች እያንዳንዳቸው 74 ከሦስት ሩብ ማይል ስለሆኑ እንደማይቆጠሩላቸው፣ ለሚቀጥለው «የኳንተም ዝላይ» ገና አራት ጉዞ እንደሚቀራቸው ነገሯቸው። ከዚህ አነጋገር 76 ማይል የሞላቸው ጉዞዎች በዚያን ጊዜ 72 እንደነበሩ ማስላት ይቻላል። እነዚያ ሁለት ጉዞዎች ከ75 የጎደሉት በሩብ ማይል፣ ማለትም በ400 ሜትር ያህል ነው። የመንደርን አደባባይ ጥቂት ጊዜ መዞር ጉድለቱን ይሞላው ነበር። እርሳቸው ግን አልዞሩም፤ አላጠጋጉምም። በዓለሙ ሒሳብ አንድ ለመጨመር ምክንያት ያላጡ ሊቅ በመንገድ ሒሳብ ሩብ ማይል ለራሳቸው አልማሩም።

ሁለት ሳቆች

ደብዳቤው የተጻፈላቸው ሰው ማን እንደነበሩ ሲታወቅ ነገሩ ይከብዳል። ሱብራማንያን ቻንድራሴካር በ1910 የተወለዱ ሕንዳዊ ሲሆኑ፣ በ1930 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዙ በዕድሜያቸው ገና ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ነዳጃቸውን የጨረሱ፣ ነጭ ድንክ የሚባሉ ከዋክብት ከፀሐይ 1.4 እጥፍ ያህል ከከበዱ ጸንተው መቆም እንደማይችሉ በሒሳብ ደረሱበት። ኤዲንግተን ሥራውን በቅርብ ይከታተሉ፣ ወጣቱንም ደጋግመው እየጎበኙ ያነጋግሩ ነበር። ጥር 11 ቀን 1935 ቻንድራሴካር ውጤታቸውን በለንደን በንጉሣዊው የሥነ ፈለክ ማኅበር ስብሰባ ላይ ካሰሙ በኋላ ኤዲንግተን ተነሡና፣ ኮከብ እንዲህ ያለ የማይረባ ጠባይ እንዳያሳይ የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ መኖር አለበት በማለት ሐሳቡን ከንቱ አደረጉት። ስብሰባው ሳቀ። በዚያ አዳራሽ የተቀመጡ ሊቃውንት ሒሳቡን ሳይመረምሩ ከገናናው ስም ጋር ሳቁ፤ የሃያ አራት ዓመቱ ወጣትም በአደባባይ ተዋረደ።

ኋላ እንደታወቀው ስሕተቱ የኤዲንግተን ነበር። የዚያ ሳቅ ጉዳት በሁለቱ ሰዎች መካከል ብቻ የቀረ አልነበረም። ቻንድራሴካር ወደ አሜሪካ ሄደው በ1937 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመሩ፤ በ1939 ስለ ከዋክብት አሠራር መጽሐፍ ካሳተሙ በኋላም ያንን ምርምር ትተው ወደ ሌላ ዞሩ። የከባድ ከዋክብት መፈራረስ ጥናትም ለብዙ ዓመታት ተጓተተ።

ሆኖም ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም። አደባባይ ላይ የሳቁባቸው ሽማግሌ ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ሁለት ያልተቆጠሩ የብስክሌት ጉዞዎች ሲጽፉላቸው፣ የሚሳቅበት ሰው ተለውጧል። በ1935 የተሳቀው በሌላ ሰው ሥራ ነው፤ በ1938 ግን ኤዲንግተን የሳቁት በራሳቸው እግር ነው። ይህ ደብዳቤ የይቅርታ ጥያቄ ነው ለማለት ማስረጃ የለም። ቻንድራሴካር ግን ደብዳቤውን ጠብቀው አኖሩት። በ1982 የኤዲንግተን መቶኛ የልደት ዓመት ሲከበር በኬምብሪጅ ተገኝተው ስለ እርሳቸው ሁለት ንግግር አደረጉ፤ በ1983 በታተመው ንግግራቸውም ኤዲንግተንን በዘመናቸው እጅግ የላቁ የከዋክብት ፊዚክስ ሊቅ ሲሉ አክብረዋቸዋል። በ1935 የደረሰውን አልሸሸጉም፤ የብስክሌቱንም ቁጥር አልተዉም። በዚያው በ1983 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ቀልዱ ሥራ ሲይዝ

የኤዲንግተን ቁጥር ከፈጣሪው በኋላ ሁለት መንገድ ሄደ። በአንድ በኩል ብስክሌተኞች የየዕለቱ ጉዟቸውን በኮምፒዩተር መመዝገብ ከጀመሩ ወዲህ ብዙዎቹ ቁጥራቸውን ያሰላሉ፤ አንድ ለመጨመርም ማለዳ ይነሣሉ። በሌላ በኩል በ2005 ሆርሄ ሂርሽ የተባሉ የፊዚክስ ሊቅ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው መለኪያ ለተመራማሪዎች አቀረቡ። በዚህ መለኪያ ጉዞው በጽሑፍ፣ ማይሉ በጥቅስ ይተካል። 20 ቁጥር ያለው ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ በሌሎች የተጠቀሱ ቢያንስ 20 ጽሑፎች አሉት። በመንገድ ላይ ሰው ራሱን ይመዝንበት የነበረው ቁጥር በዩኒቨርሲቲ ሌሎች ለመቅጠርና ዕድገት ለመስጠት የሚመዝኑበት ሆነ፤ ያን ጊዜም ቀልድነቱ ቀረ።

መለኪያን ለሚያወጣና በመለኪያ ለሚሠራ ባለሙያ ከዚህ ውስጥ ትምህርት አለ። ይህ ቁጥር መስፈሪያው ሲለወጥ በቀላሉ አይለወጥም። ርቀት በ1.609 ተባዝቶ ከማይል ወደ ኪሎሜትር ይዛወራል፤ የኤዲንግተንን 84 ግን ጠቅላላ መዝገባቸው ሳይኖር ወደ ኪሎሜትር ማዛወር አይቻልም። ሊባል የሚቻለው ወሰኑ ብቻ ነው። ቢያንስ 84 ጉዞዎች ከ135 ኪሎሜትር ስለሚበልጡ ቁጥሩ ከ84 አያንስም። 85 ማይል የሞሉ ጉዞዎች ደግሞ 85 ስላልደረሱ፣ 137 ኪሎሜትርም ከ85 ማይል ስለሚበልጥ፣ ቁጥሩ 137 ሊሆን አይችልም። ከፍተኛው ወሰን 136 ነው። በወረቀት ላይ 136ን 137 ያደረጉት ሊቅ በራሳቸው የመንገድ መለኪያ በኪሎሜትር ቢሰፈሩ አንድ መጨመር የማይችሉት ልክ በዚያው ቁጥር ላይ ነው። ይህ አጋጣሚ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን ሰር አርተር ቢሰሙት ኖሮ በራሳቸው ላይ አንድ ሳቅ ይጨምሩ እንደነበር የ1938ቱ ደብዳቤ ያስገምታል።