ምልክቱ በመሪው፣ ምክንያቱ በነፋሱ፤ የፖርሽ 917 አለመርጋት እንዴት ታወቀ?

በሙያችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከሚያሳስቱን ነገሮች አንዱ፣ ጉድለት የተሰማበትን ቦታ ጉድለቱ የተወለደበት ቦታ አድርጎ መውሰድ ነው። መሪ ሲንቀጠቀጥ መሪውን፣ የኋላው ጎማ ሲከዳ ጎማውንና ሞላውን መመርመር የተለመደ ነው፤ በአብዛኛውም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ መኪና እጅግ ከፍ ባለ ፍጥነት ሲነዳ፣ በዝግታ ሲሄድ የማይታወቅ አንድ ኃይል ይነሣበታል፤ እርሱም ነፋስ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው የአበው ምክር ለዳኛ ብቻ ሳይሆን ለመሐንዲስና ለመካኒክም የተነገረ ያህል ነው።

ቀጥሎ የሚቀርበው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ፖርሽ 917 የተባለው የውድድር መኪና በደረሰበት ያለመርጋት ችግር ላይ የተደረገው ምርመራ ታሪክ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ዓላማችን የመኪናውን ዝና ማውሳት አይደለም፤ ዝናውን ሌሎች በሰፊው ጽፈውታል። የእኛ ጥያቄ፣ ምክንያቱ እንዴት ተገኘ? ከመገኘቱስ በፊት ለምን ያን ያህል ዘገየ? የሚል ነው።

የመኪናው አፈጣጠር

ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም አቀፍ የመኪና ውድድር ደንብ፣ «ፕሮቶታይፕ» ለሚባሉት መኪናዎች የሞተሩን መጠን በ3 ሊትር ሲገድብ፣ «ስፖርት» ተብለው ለተመደቡት ግን እስከ 5 ሊትር ይፈቅድ ነበር። ለዚህ ምድብ የሚቀርብ መኪና ቢያንስ 50 ተመሳሳይ ሆኖ መሠራት የነበረበት ሲሆን፣ ለ1969 የውድድር ዘመን ቁጥሩ ወደ 25 ዝቅ ተደረገ። የጀርመኑ ፖርሽ ኩባንያ በዚህ አጋጣሚ ለመጠቀም ወሰነ። በፈርዲናንድ ፒየኽ የበላይ መሪነት፣ ሃንስ ሜትስገር ባዘጋጀው ሞተር፣ መኪናው ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተሠርቶ በማርች 1969 በጄኔቫ የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየ። በሚቀጥለው ወር ፋብሪካው 25ቱንም መኪናዎች በዙፈንሃውዘን ቅጥሩ አሰልፎ ለተቆጣጣሪዎች አቀረበ።

ሞተሩ 12 ሲሊንደር ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 4.5 ሊትር የሚይዝና ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚሰጥ ነበር። ሻንሲው በአሉሚኒየም ቱቦዎች የተበየደ ስለ ነበረ፣ የመኪናው ክብደት 800 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። የአሽከርካሪው እግሮች ከፊት ጎማዎች መካከለኛ መስመር አልፈው ይቀመጡ ነበር። የመኪናው አካል የተቀረጸው ከሁሉ በላይ ለሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ታስቦ ነው። በዚያን ጊዜ የሌ ማን ጎዳና 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ቀጥተኛ መንገድ ነበረው። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ድል የሚገኘው የአየርን ተቃውሞ በመቀነስ ነው ተብሎ ስለ ታመነ፣ መኪናው ረጅምና ወደ ኋላ እየዘቀዘቀ የሚሄድ ጅራት ተሰጠው። በጅራቱም ጫፍ ላይ ከኋላ ጎማዎች ማንጠልጠያ ጋር የተያያዙ፣ ጎማዎቹ ከፍና ዝቅ ሲሉ አብረው የሚንቀሳቀሱ ትናንሽ ክንፎች ተደረጉ።

የአሽከርካሪዎቹ ምስክርነት

መኪናው ገና ሲሞከር፣ በቀጥተኛው መንገድ ላይ ከ320 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ እንደሚሮጥ ታወቀ። ከዚሁ ጋር ግን ሌላ ነገር ተገለጠ። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ከመንገዱ አንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይንሸራሸራል፤ ነዳጅ መርገጫው በድንገት ሲለቀቅ ደግሞ ጅራቱ ሊዞር ይቃጣል።

አሽከርካሪዎቹ ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራም ተናገሩ። በሜይ 1969 ቤልጅግ ውስጥ በስፓ በተደረገው ውድድር ጆ ሲፈርት 917ን ከሞከረ በኋላ ትቶት በ3 ሊትሩ 908 መወዳደርን መረጠ፤ ከብራያን ሬድማን ጋርም በዚያው መኪና አሸነፈ። 917ን ይዘው የገቡት ጌርሃርድ ሚተርና ኡዶ ሹትስ በሞተር ብልሽት ምክንያት ገና በውድድሩ መጀመሪያ ላይ ቀሩ። ቀጥሎ በኑርቡርግሪንግ መኪናውን የነዱት ለዚያ ውድድር የተጠሩት ዴቪድ ፓይፐርና ፍራንክ ጋርድነር ሲሆኑ፣ በ8ኛነት ጨረሱ። በሙያቸው የተመሰከረላቸው አሽከርካሪዎች ኃይለኛውን መኪና ትተው ደካማውን ሲመርጡ፣ ያ ምርጫ ራሱ ከማናቸውም መሣሪያ የማያንስ ልኬት ነበር።

በጁን 1969 በሌ ማን ውድድር፣ ጆን ዉልፍ የተባለው እንግሊዛዊ በግሉ በገዛው 917 ሲወዳደር፣ ገና በመጀመሪያው ዙር ሜዞን ብላንሽ በተባለው ስፍራ ተጋጭቶ ሞተ። አደጋውን በአንድ ምክንያት ብቻ ማላከክ አይገባም፤ በዚያን ጊዜ ተወዳዳሪዎች መንገዱን በሩጫ አቋርጠው መኪናቸው ውስጥ በመግባት የሚነሡበት ሥርዓት ራሱ አደገኛ ነበር፤ ከዚያም ዓመት በኋላ ተሽሯል። ሆኖም ጥያቄው ከዚያ ዕለት ወዲህ የፍጥነት ጥያቄ ብቻ ሊሆን አልቻለም፤ የሰው ሕይወት ጥያቄ ሆነ። በዚያው ውድድር ቪክ ኤልፎርድና ሪቻርድ አትዉድ የያዙት ሌላው 917 ለረጅም ሰዓታት ሲመራ ቆይቶ፣ በ21ኛው ሰዓት ገደማ በፍሪሲዮኑ አካባቢ በደረሰበት ብልሽት ከውድድሩ ወጣ።

በኦገስት ወር ሲፈርትና ኩርት አሬንስ በኦስትሪያ በኦስተራይክሪንግ የ1000 ኪሎ ሜትር ውድድር 917ን ለመጀመሪያ ጊዜ ለድል አበቁት። ድል ግን መድኃኒት አይደለም። እንዲያውም ጉድለትን ሸፍኖ የምርመራውን ጊዜ ሊያራዝመው ይችላል።

ነፋስ በመኪና ላይ የሚሠራው

ለመሆኑ ነፋስ አንድን መኪና እንዴት ያናጋዋል? የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ 4 እጥፍ፣ ፍጥነቱ 4 እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ለአብነት ያህል፣ የፊት ስፋቱ 1.5 ስኩዌር ሜትር የሆነና በኋላው በኩል ሽቅብ የሚያነሳው ኃይል መለኪያ ቁጥር 0.2 የሆነ መኪና እንውሰድ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ነፋሱ የኋላውን ጎማዎች የሚያቃልላቸው በ9 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ አሽከርካሪው አያውቀውም። በ160 ኪሎ ሜትር 37 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በ320 ኪሎ ሜትር ግን ወደ 148 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ከነአሽከርካሪውና ከነነዳጁ 1000 ኪሎ ግራም የማይሞላ መኪና ከኋላ ጎማዎቹ ላይ ይህን ያህል ሲነሣለት፣ ጎማዎቹ መንገዱን የሚይዙበት አቅም በእጅጉ ይቀንሳል።

የፊት ጎማዎች ጭነታቸውን እንደያዙ የኋላዎቹ ብቻ ሲቃለሉ፣ ፊቱ የሚያዘውን መታጠፍ ኋላው ሊገታው አይችልም። በመሪው ላይ የምትደረግ ጥቂት እርማት ከሚገባት በላይ ትሠራለች፤ አሽከርካሪው መልሶ ሲያርም ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ታልፋለች። ነዳጅ መርገጫው ሲለቀቅ ጭነቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ አስቀድሞ የቀለለው ኋላ ይበልጡን ይቀላል። አሽከርካሪዎቹ የተናገሩት መንሸራሸርና የጅራት መክዳት ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሰማው በእጅና በመቀመጫ ነው። እጅ የሚይዘው መሪን ነው፤ መቀመጫ የሚያርፈው በሻንሲ ላይ ነው። ስለዚህም ጥርጣሬው አስቀድሞ በሞላው፣ በአሞርቲዛተሩ፣ በጎማው አቋምና በሻንሲው ጥንካሬ ላይ ቢወድቅ የሚያስገርም አይደለም።

ይህ ዓይነቱ ሕመም ለሙያው እንግዳ አልነበረም። በኤፕሪል 1964 ፎርድ ጂቲ 40 የተባለው መኪና ለሌ ማን ሲሞከር፣ ዦ ሽሌሰርና ሮይ ሳልቫዶሪ የነዷቸው ሁለቱም መኪናዎች ተጋጭተው ነበር። በኋላ በተደረገው ሙከራ በጅራቱ ጫፍ ላይ ስፖይለር የሚባለው ቀና ያለ ዝቅተኛ ጠርዝ ሲጨመርለት መኪናው ረጋ። ያን ሥራ በበላይነት የመራው ጆን ዋየር ነበር፤ ከእርሱ ጋር ይሠሩ ከነበሩት መሐንዲሶች አንዱ ደግሞ ጆን ሆርስማን ይባላል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከ5 ዓመት በኋላ በታሪካችን ውስጥ እንደገና ይገኛሉ።

የትንኞቹ ምልክት

በ1968ም በ1969ም ሌ ማንን ያሸነፈው የዋየር ቡድን ነበር። ፖርሽ ለ1970 የውድድር ዘመን መኪናዎቹን ለዚህ ቡድን ለመስጠት ተስማማ። በኦክቶበር 1969 የፋብሪካው መሐንዲሶችና የዋየር ሰዎች 917ን ለመፈተሽ በዚያው በኦስተራይክሪንግ ተገናኙ። ካሽከረከሩት መካከል ሬድማንና አሬንስ ይገኙበታል። በመጀመሪያ የተሞከረው የተለመደው ነበር፤ የማንጠልጠያው ክፍሎች እየተለዋወጡ መኪናው በተደጋጋሚ ተነዳ። የሚያጠግብ ለውጥ ግን አልተገኘም።

በዚህ መካከል ሆርስማን ቆሞ የነበረውን መኪና አካል በጥንቃቄ ተመለከተ። በሩጫው ወቅት የተጨፈለቁ ትንኞች ፊቱን አዥጎርጉረውታል፤ በጅራቱ ጫፍ ያሉት ስፖይለሮች ግን ንጹሕ ናቸው። ትንኝ የምትሄደው ነፋሱ በሚወስዳት መንገድ ነው፤ ትንኝ ያልደረሰችበት ቦታ ነፋሱም በሚገባ አልደረሰበትም ማለት ነው። እንግዲህ ነፋሱ ጣሪያውን ካለፈ በኋላ እየዘቀዘቀ የሚሄደውን ጅራት መከተል ትቶ በላዩ ያልፍ ነበር። መኪናውን ወደ ታች እንዲጫኑ የተሠሩት ስፖይለሮች የተቀመጡት ሥራ በሌለበት ስፍራ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ቀላል ነው። የቡድኑ መካኒኮች የአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጠውና አጥፈው፣ በዚያው በውድድሩ ስፍራ፣ ጅራቱን አሳጠሩት፤ የላይኛውንም ገጽ ወደ ኋላ እየዘቀዘቀ መሄዱን ትቶ ወደ ላይ ቀና እንዲል አደረጉት። ሥራው ለዓይን የማያምር፣ ንድፍ ያልወጣለት ነበር። መኪናው ተመልሶ ሲነዳ ግን ያ መንሸራሸር ጠፋ፤ አሽከርካሪዎቹ ሳይፈሩ ዙር በዙር ላይ ፍጥነታቸውን ጨመሩ። ሻንሲው ያው ነው፤ ሞተሩ ያው ነው። የተለወጠው ነፋሱ የሚያልፍበት መንገድ ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ያለ ዋጋ አልተገኘም። አጭሩ ጅራት የአየርን ተቃውሞ ስለሚጨምር በቀጥተኛው መንገድ ላይ የመጨረሻውን ፍጥነት ይቀንሳል። ፋብሪካው ይህን ዋጋ ተቀብሎ አዲሱን ቅርጽ ለ1970 በሥርዓት ሠራው። በጃንዋሪ መጨረሻ በዳይቶና የተደረገውን የ24 ሰዓት ውድድር የዋየር ቡድን 917 አሸነፈ። በጁን ወር በሌ ማን ሃንስ ሄርማንና ሪቻርድ አትዉድ በአጭር ጅራቱ መኪና ለፖርሽ የመጀመሪያውን ጠቅላላ ድል አስገኙ። አትዉድ ከአንድ ዓመት በፊት ያልረጋውን መኪና በዚያው መንገድ ላይ ሲታገል የነበረው ሰው ነው። በ1971 ሄልሙት ማርኮና ጊስ ቫን ሌኔፕ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ5,335 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ያስመዘገቡት ርቀት እስከ 2010 ድረስ አልተሻረም።

ረጅሙ ጅራትም ጨርሶ አልተጣለም። ሴራ ከተባለው የፈረንሳይ የጥናት ተቋም ጋር በተደረገ ሥራ ቅርጹ እንደገና ተጠንቶ፣ በ1970 ሌ ማን አንዱ ረጅም ጅራት 917 ሁለተኛ ወጣ። ይህም ጥፋቱ የጅራቱ ርዝመት ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል። ጥፋቱ ነፋሱ በጅራቱ ላይ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ መኪናው መንገድ ላይ መውጣቱ ነበር።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚጠቅሙ ጥቂት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ ጉድለቱ ከፍጥነት ጋር ያለውን ግንኙነት አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ሚዛኑ የተዛባ ጎማ መሪን የሚያንቀጠቅጠው በተወሰነ የፍጥነት ክልል ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ሲያልፉ ይቀንሳል። የላላ የመሪ መገጣጠሚያ በዝግታም ይታወቃል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ያለማቋረጥ እየባሰ የሚሄድ፣ በዝግታ ግን ፈጽሞ የማይገኝ አለመርጋት ወደ ነፋስ ያመለክታል።

ሁለተኛ፣ ከተደጋጋሚ ማስተካከያ በኋላ ለውጥ ካልተገኘ፣ አለመገኘቱ ራሱ ማስረጃ ነው። ሞላና አሞርቲዛተር ተለዋውጠው ሕመሙ ያው ከሆነ፣ ስድስተኛ ሞላ ከመፈለግ ይልቅ ጥርጣሬን ወደ ሌላ ማዞር ይገባል።

ሦስተኛ፣ በአንድ መለኪያ የተገኘ መልካም ውጤት በሌላው ያለውን ጉድለት ሊጋርድ ይችላል። የአየር ተቃውሞ ማነስ በቀጥተኛው መንገድ ላይ እውነተኛ ጥቅም ነበረው። ነገር ግን ተቃውሞን የሚቀንስ ቅርጽ መኪናውን ሽቅብ የሚያነሳ ሊሆን እንደሚችል በእኩል ትኩረት አልታየም።

አራተኛውና ዋነኛው፣ የአሽከርካሪን ቃል እንደ ስሞታ ሳይሆን እንደ ልኬት መቀበል ነው። አሽከርካሪ ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል፤ ማወቅም ግዴታው አይደለም። ነገሩ መቼ፣ በምን ፍጥነት፣ መርገጫውን ሲረግጥ ወይስ ሲለቅ እንደሚደርስ ግን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በ1969 ይህ ቃል ከፀደይ ጀምሮ ተነግሮ ነበር፤ መልስ ያገኘው በኦክቶበር ነው። በመካከሉ ውድድሮች አለፉ፤ ሰው የሞተበትም ውድድር አለፈ።

ምርመራውን የፈታው አዲስ መሣሪያ አልነበረም። ትንኞቹ ሲጨፈለቁ የከረሙት መኪናው በተነዳበት ቀን ሁሉ ነው፤ ከውድድር በኋላም ታጥበው ሲጠፉ ኖረዋል። አንድ መሐንዲስ መኪናው ከመታጠቡ በፊት ቆም ብሎ የቆሸሸውን ብቻ ሳይሆን ያልቆሸሸውንም ቦታ ስላየ ምክንያቱ ታወቀ። ለምርመራ የሚቀርብልንን መኪና ከመፍታታችን አስቀድሞ፣ በላዩ ያለውን ምልክት አንብበን መጨረስ የዕለት ተዕለት ልማዳችን ሊሆን ይገባል።