ብርዝ፣ ጠጅ እና ወይን በጅማ

አማርኛችን የመብልና የመጠጥ ቤቶችን ሲሰይም እንግዳ ሰውን ግራ ያጋባል። «ቡና ቤት» ባለው ቤት ቢራ ይቀዳል፤ «ሆቴል» ባለው ቤት አንዳንዴ አልጋ አይገኝም፤ የወይንን መጠጥ ደግሞ «ወይን ጠጅ» ይለዋል። ወይን በቅዳሴው ከጥንት የታወቀ ቢሆንም በገበታው ላይ ነግሦ የኖረው የማር ጠጅ ነውና፣ ኋላ በጠርሙስ የመጣው በነባሩ ስም ተጠራ። ስለዚህ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ሰው ከቤቱ ወጥቶ መብላትና መጠጣት እንዴት እንደ ለመደ ለማውሳት የሚነሣ ሰው፣ ከወይኑ በፊት ማሩን ማንሣት ይኖርበታል።

ጅማ፣ ጎማ፣ ጌራና ሊሙ የቡና አገር ብቻ አይደሉም። ቡናውን የሚያጠልለው ዛፍ ቀፎም ይሰቀልበታል። ከዚያ ጫካ የሚወርደው ማር በውሃ ተበጥብጦ ጌሾ ሲገባበትና ሲፈላ ጠጅ ይሆናል፤ ሳይፈላ ሲጠጣ ደግሞ ብርዝ ነው። ጠጅ የማይፈቀድለት ሙስሊም ብርዙን፣ ክርስቲያኑ ጠጁን ይዞ በአንድ ማዕድ ዙሪያ መቀመጥ ይችላል። መጠጡ ቢለያይም ማሩ አንድ ነው።

ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በጅማ በነገሡበት ዘመን ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ከታች በሂርማታ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ትልቁ ገበያ ይቆማል። ቡናው፣ ማሩ፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ፣ ያሳዝናል እንጂ የሰው ልጅም ጭምር፣ ይሸጥ ይለወጥበት ነበር። በዚያ ሁሉ ሽያጭ መካከል ግን ለእንግዳ የሚቀርብ እራት በዋጋ አይተመንም ነበር። መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ በር ያንኳኳል፤ ባለቤቱ ያለውን ያቀርባል። እንጀራን ለእንግዳ መሸጥ ነውር፣ ከቤት ውጭ ገዝቶ መብላትም የዘመድ አልባ ሰው ምልክት ነበር። በአዲስ አበባ እንኳ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ባስከፈቱ ጊዜ፣ ሰው አፍሮ ስለ ራቀ አፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አስተማሩ ተብሎ ይተረካል።

ለጅማ ግን ይህን ትምህርት ያመጣው ሌላ እጅ ነው። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን የደቡብ ምዕራቡን ግዛት መቀመጫ ጅማ ላይ አደረገ። ጅሬን በኮረብታው ላይ ስትቀር አዲሱ ከተማ በሂርማታ ገበያ ዙሪያ በሜዳው ተስፋፋ። ከሲሚንቶውና ከሲኒማው ጋር ፓስታው፣ ሳልሳው፣ የፉርኖ ዳቦውና ወይኑ ገቡ። ገበታው ግን ለሁሉም አልተዘረጋም። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የወጡት የዘር ሕጎችና መመሪያዎች ነጩን ከጥቁሩ በመኖሪያም በመዝናኛም ይለዩ ነበር። እስቲ አንባቢ ልብ ይበል፦ ቡናውን ከነዘሩ ለዓለም ያበረከተው አገር ገበሬ፣ የራሱ ቡና በመኪና ተፈልቶ ወደሚቀርብበት ቤት እንዳይገባ ተከለከለ። በገንዘቡም ቢሆን።

በሰኔ 1933 ዓ.ም. ጅማ ነጻ ስትወጣ ወራሪው ሄደ፤ ቃላቱና ዕቃው ግን ቀሩ። ማኪያቶ የእኛ ሆነ፤ ፓስታም በበርበሬ ተሠርቶ፣ በጾም ቀን በአትክልት ቀርቦ፣ ሃይማኖት ለወጠ ሊባል በሚችል ደረጃ አገሬ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1943 የተመሠረተው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርንና አክሱሚትን አስለመደን፤ ፋብሪካው በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆኖ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ዞረ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የዝዋይ ወይን በገበያ ታየ። በ1945 ዓ.ም. የተከፈተው የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲው፣ ዘመድ የሌለውን ወጣት ከየአቅጣጫው ወደ ከተማዋ አመጡ። ዘመድ የሌለው ሰው ደግሞ ምግብ ቤት ያስፈልገዋል። የቀድሞው ነውር በዚህ መንገድ ዕለታዊ ኑሮ ሆነ።

የቡና ከተማ ምግብ ቤት የራሱ የዘመን መቁጠሪያ አለው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀዩ ቡና ሲለቀም ገንዘቡ ከገበያ ወደ ባንክ መስኮት፣ ከባንክ መስኮት ወደ ገበታ ይፈስሳል፤ እንደ እኔ ብር ቆጥሮ የሚያድር ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። በአጋሮም በሊሙ ገነትም ያን ጊዜ ጥሬ ሥጋ ይቆረጣል፤ ወይን በጠርሙስ ይታዘዛል። ክረምት ሲገባ ኪስ ይሳሳል። ያኔ ነው በምግብ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈው ሰሌዳ የሚወጣው፦ ጥብስ ከአንድ ብርጭቆ ጉደር ጋር፣ በቅናሽ። መምህሩ፣ የቡና ነጋዴው ጸሐፊና ነርሷ ተሰብስበው ያዝዛሉ። ሥጋው የማን እጅ የባረከው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ካልተስማማ ሽሮው ሁሉን ያስታርቃል። አንዱ ወይን፣ ሌላው አምቦ ውሃ ይይዛል። ወይኑ የጎመዘዘው ከጓደኛው አምቦ ጥቂት ይጨምርበታል።

ይህን ድርጊት ቋንቋችን «መበረዝ» ይለዋል። ብርዝም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። «ያልተበረዘ፣ ያልተከለሰ» ብለን የምናመሰግነው ነገር ብዙ ነው፤ ለሃይማኖትና ለታሪክ መጽሐፍ ይሁን። ለማዕድ ግን የጅማ ታሪክ ሌላ ይላል። ሳይበረዝ የቆየ ማዕድ በዚያ ከተማ ቢኖር የወራሪው ማዕድ ነበር፤ አምስት ዓመትም አልዘለቀም።

ሆኖም ትርፉን ስንቆጥር ኪሳራውን አንሸሽግ። ዛሬ በምግብ ቤቱ በር ማንም ቀለሙንና ዘሩን አይጠየቅም፤ ይህ በደም የተገኘ ነው። በአባ ጅፋር ዘመን መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ የገባበት በር ግን ጠብቧል። የዛሬው መንገደኛ ገንዘብ ከሌለው ሰሌዳውን አንብቦ ያልፋል። ሒሳብ መክፈልን ከተማርን ከመቶ ዓመት በላይ ሆነን፤ ያለ ሒሳብ ማቅረብን ግን ማንም ሳያስተምረን እናውቀው ነበር፤ መርሳት አይገባንም።