ትኩረትን በሰውነት ስሜት ላይ የሚያስረው ሕመምና ሕክምናው

መተንፈስ፣ ምራቅ መዋጥና ዓይንን ማርገብገብ ሰው ሳያስባቸው የሚከናወኑ ተግባራት ናቸው። አንዳንዶች ግን ትኩረታቸው ከእነዚህ ዳግም እንደማይላቀቅ በመስጋት ቀኑን ሙሉ ሲከታተሏቸው ይውላሉ። በስድስት ኪሎው ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ለፈተና የሚያነብ ተማሪ እስትንፋሱን ሲቆጣጠር አንድ ገጽ ሳይገልጥ ሊመሽበት ይችላል። ይህ ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር የተሰኘው የአእምሮ ሕመም አንዱ ገጽታ ነው።

ታማሚው ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ልብ ወይም ወደ ጉሮሮ ሐኪም ነው። ምርመራው ጤነኛ መሆኑን ቢያሳይም እፎይታው አይዘልቅም፤ ማረጋገጫ ደጋግሞ መሻት ራሱ የሕመሙ አካል ነውና። ስሜቱን በግድ ለመርሳት መታገልም ትኩረቱን ይበልጥ ያጠብቀዋል።

በለንደን ቪክተር ሜየር እ.ኤ.አ. በ1966 ካሳተመው ሥራ የተነሣው የሥነ ልቦና ሕክምና በተቃራኒው መንገድ ይሄዳል። ታማሚው እስትንፋሱን ሆን ብሎ እንዲያስተውል፣ ሆኖም እንዳይቆጥር፣ እንዳያስተካክል፣ ሰውም እንዳይጠይቅ ይደረጋል። ፍሉኦክሴቲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ። ውጤታቸው ግን ከ8 እስከ 12 ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ማቋረጥ አይገባም፤ ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን መተው የለበትም።

በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዓመታት ከአማኑኤል ሆስፒታል ስም ጋር ተያይዞ ሲታወቅ ቆይቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሐኪሞች ለዚሁ ትምህርት ወደ ውጭ ይላኩ ነበር።

ያገገመ ሰው እስትንፋሱን ማስተዋሉን ፈጽሞ አያቆምም፤ ማስተዋሉ ግን ሥራውን አያስጥለውም። አገግሞ ወደ ሥራ ገበታው የተመለሰን ሠራተኛ የሥራ ኃላፊዎች በየዕለቱ "ተሻለህ?" እያሉ ባይጠይቁት ይመረጣል።